አሮጌዋ ጀልባ መልኳን ለአዲሲቱ እንዳወረሰች

አባት ለልጁ የሚያወርሰው ዕቃ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ክብር ነው፥ ሁለተኛው ሸክም ነው። ክብሩን ተቀብሎ ሸክሙን የሚሸሽ ወራሽ ብዙ ነው፤ ሸክሙን ብቻ ተሸክሞ ክብሩን የሚዘነጋም አይታጣም። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት በኖርሁበት ዘመን የውርስ ክርክር ስጽፍ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ የወንድማማቾች ጠብ ብቻ አይደለም። ተከራካሪዎቹ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ፥ ከፍርድ ወደ ይግባኝ ሲመላለሱ፥ የሚከራከሩበት ቤት በዝናብና በምስጥ አልቆ፥ ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ የሚካፈሉት ነገር መታጣቱ ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ አንዲት ጀልባ ከዚህ ዓይነት ጥፋት እንዴት እንደ ዳነች ለማጫወት ወደድሁ። አንባቢ ሆይ፥ የባሕር ጀልባ ከቤተ ሰብ ጉዳይ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው አይደነቁ፤ ነገሩ የአባትና የልጅ፥ የአሮጌና የአዲስ ነገር ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያወቅሁት በተማሪነቴ ነው። ፊደልና ዳዊት በደብር ትምህርት ቤት ተምሬ ቅኔም ጥቂት ቀማምሼ፥ ከዚያ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ ፈረንሳይኛ እማር ነበር። በ1998 ዓ.ም. በሰኔ ወር መምህራችን አንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ይዘው ገቡና፥ ኤሪክ ታባርሊ የተባለው ዝነኛ መርከበኛ በባሕር ላይ የሞተበትን ወሬ አንብበን ወደ አማርኛ እንድንመልስ አዘዙን። እኛ ከባሕር ርቀን ያደግን ልጆች ስለ ሆንን የጀልባውን ክፍሎች ስም በአማርኛ ለማግኘት ብዙ ተቸገርን። የጀልባውን ገላ «ቀፎ» ብለን ተስማማን፤ ሸራ የሚሰቀልበትን ምሰሶ ግን ከቤተ ክህነት የመጣን ተማሪዎች ከግእዝ አውጥተን «ደቀል» አልነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ሰውና ስለ ጀልባው የተጻፈውን ባገኘሁ ቍጥር ሳላነብ አላልፍም።

ጀልባይቱ የተሠራችው በ1898 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር በኮርክ ወደብ አጠገብ ነው። ንድፏን ያወጣው ዊልያም ፋይፍ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነበር፤ ይህም ሰው ከአያት ከአባቱ ጀምሮ ጀልባ በመንደፍ የታወቀ ነው። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ 15 ሜትር ከ10 ሳንቲም ስትሆን፥ ቀጥ ብላ በቆመች ጊዜ ውሃውን የሚነካው ርዝመቷ ግን 10 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አፍንጫዋና ጅራቷ ከውሃው በላይ ተዘርግተው ይታያሉ። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ነፋስ ሸራዋን ገፍቶ ወደ ጐን ሲያጋድላት እነዚያ ሁለት ጫፎች ወደ ውሃው ይጠጋሉ፤ ውሃውን የሚነካው ርዝመቷም ይጨምራል። በውሃ ላይ የሚሄድ ረዥም ቀፎ ከአጭሩ ይልቅ የሚፈጥን ስለ ሆነ፥ ነፋሱ በበረታ ጊዜ ጀልባይቱ ራሷን አስረዝማ ትሮጣለች ማለት ነው። እንግዲህ የጀልባ ብልሃቷ በእንጨቷ ሳይሆን በመልኳ መሆኑን ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

ይህች ጀልባ ከአንድ ጌታ ወደ ሌላ ጌታ ስትሸጥ ስሟም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1938 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የሚኖሩ ሙሴ ጊ ታባርሊ ገዟት። ስሟም «ፔን ዱዊክ» ሆነ፤ ይህም በብረታኝ አውራጃ ቋንቋ ራሷ ጥቍር የሆነችውን አንዲት ትንሽ ወፍ የሚጠሩበት ስም ነው። ልጃቸው ኤሪክ በዚያ ጊዜ ዕድሜው 7 ዓመት ያህል ነበር፤ በጀልባይቱም ላይ አደገ።

ወዲያውም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጀልባይቱ ከጉዞ ተከልክላ ዳር ቆመች። ከጦርነቱም በኋላ ቢሆን ለእድሳቷ የሚበቃ ገንዘብ በቤቱ ስላልተገኘ በጭቃ ላይ ተቀምጣ ብዙ ዘመን ቈየች። እንጨት በውሃ ላይ ለመኖር የተሠራ ቢሆንም የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ውሃው ራሱ ይበላዋል። የጣና ሰዎች እንኳ የደንገል ታንኳቸው ውሃ ጠጥቶ እንዳይከብድና እንዳይበሰብስ ከሥራ በኋላ ከባሕሩ አውጥተው በፀሐይ ያሰጡታል። ፔን ዱዊክን ግን የሚያሰጣት አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. አባትዬው ጀልባይቱን ለልጃቸው ለኤሪክ ሰጡት። እኔ እንደ ፍርድ ቤት ሰው ይህን ነገር ሳነብ ልቤ ደስ ይለዋል። ስጦታው በሕይወታቸው ሳሉ፥ በገዛ ቃላቸው፥ ሊደክምበት ለሚወድ ልጅ የተደረገ ስለ ሆነ ክርክር አላስነሣም። ብዙ አባቶች ይህን ቢያደርጉ የመዝገብ ቤታችን መደርደሪያ በቀለለ ነበር።

ልጁም በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ገብቶ አውሮፕላን ነጂ ሆነና ወደ ኢንዶሺን ዘመተ። ደመወዙንም ለጀልባይቱ ብሎ አጠራቀመ። ተመልሶ ሲያስመረምራት ግን የቀፎዋ እንጨት በስብሶ አገኘው። በእንጨት መልሶ ለማሠራት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። በዚህ ጊዜ በፊቱ የነበሩት መንገዶች ሁለት ብቻ ይመስሉ ነበር፤ አንደኛው ለአባቱ ክብር ሲል እንዳለች ትቷት በጭቃ ላይ እስክታልቅ መጠበቅ፥ ሁለተኛው አፍርሶ መጣል።

ኤሪክ ታባርሊ ግን ሦስተኛ መንገድ አገኘ። በ1958 ዓ.ም. በብረታኝ አገር ላ ትሪኒቴ ሱር ሜር በሚባለው ወደብ፥ በኮስታንቲኒ የጀልባ ሥራ ቤት፥ የበሰበሰውን ቀፎ እንደ ቅርጽ ማውጫ አድርጎ ተጠቀመበት። በዚያ ዘመን ከብርጭቆ ክር የተሠራ ጨርቅ ፖሊስተር በሚባል ሙጫ እየነከሩ ጀልባ መሥራት ገና አዲስ ጥበብ ነበር፤ ይህን በሚያህል ትልቅ ቀፎ ላይ የሞከረውም ሰው ጥቂት ነው። እሱ ግን በአሮጌው ቀፎ ላይ ከውጭ በኩል ጨርቁን በሙጫ እየለጠፈ፥ በአንዱ ላይ ሌላውን እየደረበ፥ አዲስ ገላ አለበሳት። ሙጫው ደርቆ ከጠነከረ በኋላ የበሰበሰው እንጨት ከውስጡ እንዲወጣ ተደረገ። የቀረው ገላ የማይበሰብስና ውሃ የማይጠጣ፥ መልኩ ግን ዊልያም ፋይፍ ከ60 ዓመት በፊት የነደፈው ነበር።

ከቅኔ ቤት ደጅ የደረሰ ሁሉ ይህን ነገር በቶሎ ያስተውለዋል። አንጥረኛ ወርቅ ሲሠራ አስቀድሞ የሚሻውን መልክ በሰም ይቀርጻል፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ይለብጥና በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ሰሙ በለቀቀው ስፍራ ይፈስሳል። የፔን ዱዊክም አሮጌ እንጨት እንደ ሰም ሆኖ መልኩን ለተከታዩ ሰጥቶ ወጣ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ከብልሃቱ ይልቅ ቅደም ተከተሉን ይመልከቱልኝ። ታባርሊ አዲሱ ሳይጠነክር አሮጌውን አላወጣም። የተቀደደ ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉን ጽፎ ቢጨርስም ከቀዳሚው ጋር መስመር በመስመር ሳያመሳክር አሮጌውን ከእጁ አያርቅም። አስቀድሞ አፍርሶ ኋላ ለመሥራት የሚያስብ ሰው መልኩ የት እንደ ነበረ የሚጠይቀው አያገኝም።

ታባርሊ በዚህች ጀልባ ወደ እሽቅድምድም ገባ። በውድድርም ላይ ሳለ ክብደት የሚባለውን ነገር ጠንቅቆ ተማረ። በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ከስፍራው መግፋት አለበት። ስለዚህ የከበደ ጀልባ ብዙ ውሃ ይገፋል፥ ማዕበሉንም እየሰነጠቀ በድካም ይሄዳል፤ የቀለለ ግን ጥቂት ውሃ ስለሚገፋ በትንሽ ነፋስ ይነሣል፥ ከኋላው የሚመጣውንም ማዕበል ተቀምጦበት ይንሸራተታል። ይሁን እንጂ ክብደት ሁሉ ጠላት አይደለም። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባው እንዳይገለበጥ የሚያቆመው ከሆዱ በታች የተሰካው የእርሳስ ክብደት ነው። በደቀሉ ጫፍ ላይ ያለ ጥቂት ክብደት ጀልባውን ለመጣል ይረዳል፤ ያው ክብደት ከታች ቢሆን ግን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። እንግዲህ የእሽቅድምድም ጀልባ የሚሠራ ብልህ ሰው «ምን ልጣል?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም፤ «ምኑን ከላይ ልቀንስ፥ ምኑን ከታች ላስቀር?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ትምህርት በ1964 ዓ.ም. በሥራ አሳየ። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ከእንግሊዝ አገር ከፕሊመዝ ተነሥቶ አትላንቲክን አቋርጦ አሜሪካ ኒውፖርት በሚደርስበት ውድድር ለመግባት «ፔን ዱዊክ 2ኛ» የምትባል አዲስ ጀልባ በዚያው በኮስታንቲኒ ቤት አሠራ። ርዝመቷ 13 ሜትር ከ60 ሳንቲም ሲሆን ክብደቷ 6 ቶን ተኩል ያህል ብቻ ነበር። በሙሉ እንጨት ፈንታ በኮምፔንሳቶ ስለ ተሠራች ቀለለች፤ ብዙዎች አንድ ሰው ይህን የሚያህል ጀልባ ብቻውን ሊያዝዝ አይችልም ይሉ ነበር። ሸራዋም አንድ ሰው እንዲችለው በሁለት ደቀል ተከፍሎ ተሰቀለ። ከውስጥ ሆኖ ውጭውን እንዲያይም ከአሮጌ የባሕር አውሮፕላን ላይ የተፈታ እንደ ጉልላት ያለ የመስተዋት ክዳን በጀልባው ወለል ላይ አስተከለ። በ8ኛው ቀን ያለ ሰው እጅ መሪውን የሚይዝለት መሣሪያ ተሰበረበት፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ሳይል በ27 ቀን ከ3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ኒውፖርት ገባ። ከእሱ ቀጥሎ የደረሰው የቀድሞው ባለ ድል እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቺቸስተር ከ2 ቀን በላይ ዘግይቶ ነው። ጄኔራል ደጎል ለታባርሊ የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሸለሙት።

ከዚህ በኋላ ታባርሊ ብዙ ጀልባዎች አሠርቷል፤ ብዙዎቹንም ፔን ዱዊክ ብሎ ቍጥር እየሰጠ ጠራቸው። በ1969 ዓ.ም. ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ቶክዮ በተደረገው ውድድር ያሸነፈባት አምስተኛይቱ በግራና በቀኝ የውሃ ጋን ነበራት፤ ጀልባይቱ ስትጋደል ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጋን በባሕር ውሃ ሞልቶ ያቆማታል፥ ሲያሻውም ያፈስሰዋል። አንድ ሰው ሸክሙን በፈቃዱ የሚጭንና በፈቃዱ የሚያወርድ ሲሆን እንዲህ ያለውን ፍጥነት ያገኛል። ይህን ሁሉ አዲስ ነገር ሲሠራ ግን የአባቱን ጀልባ አልሸጣትም። ከ1983 እስከ 1989 ዓ.ም. በሴን ማሎ ከተማ ዳግመኛ አሳደሳት።

የታሪኩ ፍጻሜ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሳልናገረው ባልፍ የጽሑፌን እኩሌታ መደበቅ ይሆንብኛል። በ1998 ዓ.ም. ጀልባይቱ 100 ዓመት ሞላት። ታባርሊ ዊልያም ፋይፍ የነደፋቸው ጀልባዎች ወደሚሰበሰቡበት በዓል ወደ ስኮትላንድ ሊወስዳት ተነሣ። በሰኔ 12 ለ13 አጥቢያ ሌሊት፥ በአየርላንድ ባሕር ላይ፥ ሸራ ሲለውጡ ሳለ የሸራው መስቀያ እንጨት መታውና ወደ ባሕር ወደቀ። ባልንጀሮቹ ፈለጉት፥ በዚያ ጨለማ ሊያገኙት አልቻሉም። ዕድሜው 66 ዓመት ነበር። ጀልባይቱ ጥንታዊ መልኳን ጠብቃ ስለ ነበረ በዳር ዳሯ ሰው የሚይዘው የመከላከያ ገመድ አልነበራትም፤ እሱም ራሱን በገመድ አላሰረም፥ የመንሳፈፊያ ልብስም አልለበሰም። መልኳን ከመጥፋት ያዳነ ሰው ያው መልክ የሚጎድለው ነገር እንዳለ በሕይወቱ ከፈለበት። ጀልባይቱ ግን ከእሱ በኋላም በባሕር ላይ ትሄዳለች፤ ቤተ ሰቡና ወዳጆቹ ይጠብቋታል።

ይህን ነገር እስከዚህ ድረስ ያብላላሁት በከንቱ አይደለም። አባታችን ካረፉ ወዲህ በጎጃም ያለው ቤታችን ለእኛ ለሦስት ልጆች የሚያስጨንቅ ጉዳይ ሆነብን። መሠረቱ ጥርብ ድንጋይ ነው፥ አሁንም አልተነቃነቀም፤ ቋሚውና ማገሩ ግን በምስጥ ተበልቷል። እናታችን በሕይወት አሉ፥ በዚያው ቤት ይኖራሉ፤ ሌላ ቤት ግቡ ቢባሉም እምቢ ብለዋል። ታናሽ ወንድሜ «ጋሼ፥ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው፤ በሦስት ወር ያልቃል» ይለኛል። ታላቅ እኅቴ ደግሞ «አባታችን በእጃቸው ያቆሙትን ምሰሶ እኔ ሳለሁ ማንም አይነካውም» ይላሉ። የሁለቱም ነገር ከፍቅር የመጣ ነው፤ የአንዱ ፍቅር ግን ቤቱን ባንድ ቀን ያጠፋዋል፥ የሌላይቱ ፍቅር ደግሞ በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት ያጠፋዋል።

እኔም ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት ወርጄ ሳለ የቤቱን ልክ ሁሉ ለካሁ፤ የየክፍሉን ስፋት፥ የበሩን ከፍታ፥ ጧት ፀሐይ የምትገባበትን የመስኮት አቅጣጫ፥ አንድ ሳይቀር በወረቀት ጻፍሁት። ከዚያ በኋላ አንድ የታወቁ ሽማግሌ አናጢ አስጠርቼ ከወንድሜና ከእኅቴ ጋር አነጋገርኋቸው። አናጢውም በእያንዳንዱ የተበላ ቋሚ አጠገብ አዲስ ቋሚ ተክለው፥ አዲሱ ክብደቱን ከተቀበለ በኋላ ብቻ አሮጌውን እንደሚያወጡት፥ እናታችንም ከቤታቸው ሳይወጡ ሥራው ክፍል በክፍል ሊፈጸም እንደሚችል አስረዱን። የድንጋዩ መሠረት ይቀራል። በቈጡ ላይ ለብዙ ዓመት የተከማቸው ግንድና አሮጌ ዕቃ ግን ጣራውን ያጐበጠው እሱ ስለ ሆነ እንዲወርድ ተስማማን። ወንድሜ ወጪውን ሲሰማ አጉረመረመ፤ እኅቴም አሮጌዎቹ ምሰሶዎች ሲወጡ ላለማየት በዚያ ሰሞን እንደማይመጡ ነገሩኝ። ሥራው ከመስቀል በኋላ እንዲጀመር ቀን ቈረጥን።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ከደጅ ወደ ቤቱ የሚያስገባው የድንጋይ ደረጃ 5 እርከን አለው፥ መያዣ ግን የለውም። እናታችን ዓይናቸው እየደከመ ሄዷል። በደረጃው ጐን የብረት መያዣ ይተከል ባልሁ ጊዜ እኅቴ «አባታችን ያልሠሩትን ነገር በደጃቸው ላይ ልትተክል ነው? መልኩን እንጠብቅ ያልኸው አንተ አይደለህምን?» ብለው ተቈጡኝ። እኔም ስለ ፔን ዱዊክ፥ ገመድ ስላልነበረው ዳሯና በሌሊት ስለ ወደቀው ሰው እስከ ፍጻሜው ነገርኋቸው፤ «እትዬ፥ የአባታችንን መልክ የምንጠብቀው በውስጡ ለሚኖሩት ሰዎች ብለን ነው» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩ።

እናታችን በምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰሙ ኖሯል። «በግራ እጄ ምርኩዝ እይዛለሁና ብረቱ በቀኝ ይሁንልኝ» አሉ። እኅቴም ወደ እኔ ዞረው «ሰምተሃል፥ ጻፈው» አሉኝ፤ ከቤቱ ልክ በታች ጻፍሁት።